ጠጠር አጉድሎ መጫወት፤ ከሰንጠረዥ እስከ ኮምፒዩተር

ወልድያን፣ መርሳንና ሐራን የሚያቅፈው የየጁ አገር በታሪክ መጻሕፍት የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በዘመነ መሳፍንት የጎንደርን ዙፋን በእንደራሴነት ይዘውት በነበሩት ራሶቹ ምክንያት ነው። የዚያ ቤት የመጨረሻው ገዥ ዳግማዊ ራስ ዓሊ ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጠው ሳለ እ.ኤ.አ. በ1849 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። ውሉን ያስፈረመው ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነበር። ፕላውደን በ1860 በጎንደር አካባቢ በዐማፅያን ቆስሎ ሞተ፤ ማስታወሻዎቹንም ወንድሙ ሰብስቦ በ1868 አሳተማቸው። ስለ ውጊያ፣ ስለ ንግድና ስለ መኳንንቱ ጠባይ በሚተርከው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቆንስሉ ለሰንጠረዥ ጨዋታም ቦታ ሰጥቶታል። ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ደንብ ከደረሱን የዐይን ምስክርነቶች ዋነኛው ይኸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።)

ጨዋታው ግን ከፕላውደን ዘመን እጅግ የቀደመ ነው። በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንድ የቬኒስ ሠዓሊ ከዐፄ ልብነ ድንግል ጋር ሰንጠረዥ ይጫወት እንደ ነበረ በዚያው ዘመን ተጽፏል። ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የትግራዩን ገዥ የራስ ወልደ ሥላሴን የሰንጠረዥ ፍቅር ሲገልጽ፣ ተመልካቹ ሁሉ ምክሩን እየጮኸ በጨዋታው ይገባ ነበር ይላል። እቴጌ ጣይቱም፣ በአያታቸው በኩል ከየጁ ራሶች የሚወለዱ፣ በገና እንደሚደረድሩ ሁሉ ሰንጠረዥም ይጫወቱ ነበር። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ እነዚህን ምስክሮች አንድ በአንድ ሰብስቧቸዋል። የኢጣልያ ወረራ የድሮውን የመኳንንት ግቢ ከበተነ በኋላ ግን ጨዋታው ከቤተ መንግሥት አዳራሽም ከመኳንንቱ ድንኳንም ጠፋ።

የሰንጠረዡ ገበታ ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር ይሰመርበታል፤ ነጭና ጥቁር እየተፈራረቀ የተቀባ አይደለም። ጠጠሮቹ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይባላሉ። ዛሬ ዓለም በሚጫወተው ቼዝ ንግሥት የሚባለው ኀያል ጠጠር በእኛ ገበታ ላይ ፈርዝ ነው፤ እርሱም በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ የሚራመድ ደካማ አማካሪ ነው። መደቁም አንድ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ከሁሉ የሚያስገርመው አጀማመሩ ነው። ወረራ በሚባለው የመጀመሪያ ክፍል ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እያንዳንዱ በገዛ ፍጥነቱ፣ ሠራዊቱን ያሰልፋል፤ ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው አንድ ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የአጨራረሱ ደንብ ነው። በሰንጠረዥ ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም፤ በምን እንደ ተሸነፈም ይመዘናል። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን ማሰር እንደ ተራ ነገር ሲቆጠር፣ በደካሞቹ በፊሎቹና በመደቁ ማሰር ያስመሰግን ነበር። ከዚህም በላይ ጠጠሮቹ ሁሉ ተበልተውበት ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማሰር አይፈቀድም። ስለዚህ ብርቱው ተጫዋች የተጋጣሚውን ሠራዊት ጨርሶ እንዳይበላ እጁን መሰብሰብ፣ ጠላቱን ከነጥቂት ጭፍራው ጠብቆ ማቆየት ግድ ይሆንበታል። ይህ ደንብ ለትሑትነት ሲባል የወጣ ነው ማለት ያስቸግራል፤ የመኳንንት ጨዋታ ነውና ኩራትም አለበት። ሆኖም ውጤቱ ግልጽ ነው፤ የበረታው ሰው ብርታቱን በሙሉ እንዳይጠቀምበት ደንቡ ራሱ ይከለክለዋል።

አውሮፓውያን ይህንኑ ሐሳብ በሌላ መንገድ ፈጸሙት። ብርቱው ተጫዋች ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ከራሱ ጠጠሮች አንዱን ከገበታው ያነሣል። በዐሥራ ስምንተኛውና በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በለንደንና በፓሪስ ቡና ቤቶች የአንድ ሰው ችሎታ የሚለካው በነጥብ አልነበረም፤ ታላቁ ተጫዋች ምን አጉድሎለት ይጫወታል በሚለው ጥያቄ ነበር። አንዱ አንድ ወታደር ይለቀቅለታል፤ ሌላው ፈረስ፤ ጀማሪው ንግሥት። ፈረንሳዊው ፊሊዶር በዚህ ዓይነት ጨዋታ ስሙ የታወቀ ነበር። የአገሩ ልጅ ዴሻፔል ደግሞ ሳያጎድል ለመጫወት እምብዛም ፈቃደኛ አልነበረም፤ ይህም ልማዱ ከልግስና ይልቅ ትዕቢት ይመስላል፤ ቢሸነፍ ምክንያት አለው፣ ቢያሸንፍ ክብሩ እጥፍ ነውና። አሜሪካዊው ፖል ሞርፊ በ1859 አንድ ወታደርና የመጀመሪያውን እርምጃ ካልለቀቀ በቀር ከማንም አሜሪካዊ ጋር እንደማይጫወት አስታወቀ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ሃያ ሁለት ዓመት ነበር።

ሰውና የስሌት መኪና ሲገናኙም የመጀመሪያው አጉዳይ ሰው ነበር። በ1956 በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ማኒያክ በተባለው ኮምፒዩተር ላይ የቼዝ ፕሮግራም ተሠራ። የመኪናው ዐቅም ውሱን ስለ ነበረ ገበታው ከስምንት በስምንት ወደ ስድስት በስድስት ተቀነሰ፤ ጳጳሶቹም ወጡ። ወታደሩም እንደ እኛው መደቅ አንድ ቤት ብቻ እንዲራመድ ተደረገ፤ ሎስ አላሞስና የየጁ ራሶች ግቢ በዚህ ነጥብ ሳይተዋወቁ ተስማምተዋል። ኮምፒዩተሩ አንዲት እርምጃ ለመወሰን ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ይወስድ ነበር። ሦስት ጨዋታዎች ተደረጉ። በመጀመሪያው መኪናው ከራሱ ጋር ተጫወተ። በሁለተኛው ማርቲን ክሩስካል የተባለ የሒሳብ ሊቅና ጎበዝ ተጫዋች ንግሥቱን ለመኪናው ለቅቆ ገጠመው፤ ከረጅም ትግል በኋላም አሸነፈ። በሦስተኛው ጨዋታውን ከተማረች ሳምንት ያህል ብቻ የሆናት ወጣት ከመኪናው ጋር ስትጫወት መኪናው በ23 እርምጃ ረታት። ኮምፒዩተር በቼዝ ሰውን ሲያሸንፍ ከታወቁት ሁሉ ይህ የመጀመሪያው ነው።

እነዚህ ሁለት ጨዋታዎች አብረው ሲታዩ መኪናው የቆመበት ደረጃ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከጀማሪ በላይ፣ ንግሥት ከለቀቀለት ጎበዝ ሰው በታች። ጠጠር ማጓደል ጥሩ መለኪያ መሆኑም በዚህ ይታወቃል። እኩል ለእኩል የተደረገ ጨዋታ ማን እንደሚበልጥ ይነግራል እንጂ በምን ያህል እንደሚበልጥ አይነግርም። የቼዝ ተጫዋቾች ከጥንት ጀምሮ ወታደርን በ1፣ ፈረስንና ጳጳስን በ3፣ ግንብን በ5፣ ንግሥትን በ9 ይተምናሉ፤ በእነዚህ ቁጥሮች መሠረት ብልጫ እንደ እህል በቁና ሊሰፈር ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በ1968 ዴቪድ ሌቪ የተባለው የስኮትላንድ ሻምፒዮን በዐሥር ዓመት ውስጥ የትኛውም ኮምፒዩተር እንደማያሸንፈው ተወራርዶ በ1978 ውርርዱን በላ። በ1996 ጋሪ ካስፓሮቭ ዲፕ ብሉን 4 ለ 2 ረታው። በ1997 ግን በሴኮንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቋሞችን የሚመረምረው የዚሁ መኪና የተሻሻለ ሥሪት ካስፓሮቭን 3½ ለ 2½ አሸነፈ። በዐሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ደግሞ ያን የመሰለ ግዙፍ መኪና ማስፈለጉ ቀረ፤ በገበያ ላይ ያለ ተራ ኮምፒዩተር የዓለም ሻምፒዮኖችን የሚረታ ሆነ። እኩል ለእኩል የሚደረገው ግጥሚያ ትርጉም አጣ። ያን ጊዜ የቡና ቤቱ ልማድ ተገልብጦ ተመለሰ፤ አሁን ጠጠር የሚጎድለው ከኮምፒዩተሩ ሆነ።

በ2007 ሪብካ የተባለው ፕሮግራም ከኢስቶንያ ተወላጁ ግራንድ ማስተር ከያን ኤልቬስት ጋር ስምንት ጨዋታ ገጠመ። በእያንዳንዱ ጨዋታ ከፕሮግራሙ አንድ ወታደር ተነሣ። ሪብካ 5½ ለ 2½ አሸነፈ። በ2008 ሮማን ጂንጂካሽቪሊ ወታደርና የመጀመሪያው እርምጃ ተለቅቆለት 4 ለ 4 ወጣ። የእነዚህ ግጥሚያዎች ዋና አዘጋጅ ላሪ ካፍማን ራሱ ግራንድ ማስተርና የጠጠሮችን ዋጋ በማጥናት የታወቀ ሰው ነው። በ2014 በዓለም የመጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ ላይ ከነበሩት አንዱ ሒካሩ ናካሙራ ከስቶክፊሽ ጋር አራት ጨዋታ አደረገ፤ በሁለቱ ሌላ ኮምፒዩተር ረዳው፣ በሁለቱ ወታደር ተለቀቀለት፤ ከአራቱ አንዱንም አላሸነፈም። በ2016 ከኮሞዶ ጋር በየጨዋታው ልዩ ልዩ ማጓደል ተደርጎለት ሲጫወት 2½ ለ 1½ ተረታ። ሞርፊ በዘመኑ ለነበሩት አሜሪካውያን ሁሉ ያቀረበው የወታደር ማጓደል በዚህ ሁኔታ ለምድር ታላላቆች የማይበቃ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ ፈረስ ቢጎድልስ? በ2020 አውስትራሊያዊው ግራንድ ማስተር ዴቪድ ስመርደን ከኮሞዶ ጋር ስድስት ጨዋታ ተጫወተ፤ ከፕሮግራሙ በየጊዜው አንድ ፈረስ ተነሣ። ሰውየው 5 ለ 1 አሸነፈ። በሙያው የምጣኔ ሀብት ምሁር የሆነው ስመርደን በተሸናፊ አቋም ላይ ሆኖ ተጋጣሚን ስለ ማሳሳት መጽሐፍ የጻፈ ነው፤ በዚህ ግጥሚያ ላይ ግን የመኪናውን ማሳሳቻ የሚጠብቀው እርሱ ነበር። ትርፍ ጠጠር ያለው ሰው መንገዱ ቀላል ነው፤ ጠጠር በጠጠር እየለወጠ ገበታውን ማሳነስ። ዐሥራ አምስት ሰው በዐሥራ አራት ላይ ሲዘምት ብልጫው አይታይም፤ ሁለት ሰው በአንድ ላይ ሲቆም ግን ያስታውቃል።

የሙያው ሰዎች ሊያተኩሩበት የሚገባው ነገር እዚህ ላይ ነው። ተራ የቼዝ ፕሮግራም ተጋጣሚው ከራሱ እኩል አዋቂ እንደ ሆነ አድርጎ ያሰላል፤ ለእያንዳንዱ እርምጃው ከሁሉ የከፋውን ምላሽ ይጠብቃል። እኩል በሆነ አቋም ላይ ይህ ጥንቃቄ ኀይሉ ነው። ፈረስ ጎድሎት ሲጀምር ግን ስሌቱ ሁሉ ሽንፈትን ያመለክታል፤ ስለዚህ ከመጥፎዎቹ መካከል በመቶኛ የምትሻለዋን ይመርጣል፤ ያችም ብዙ ጊዜ ጠጠር መለዋወጥ ትሆናለች። ያም ማለት ተጋጣሚው የሚመኘውን ራሱ ያደርግለታል። እንደ ሰው ቢሆን ኖሮ አቋሙን አወሳስቦ፣ ንግሥቱን ጠብቆ፣ ተጋጣሚው እስኪሳሳት ይጠብቅ ነበር። መኪናው ግን የሰውን ድካም አያውቅም፤ ሰው እንደሚሳሳት የነገረው የለምና።

ፕሮግራም ሠሪዎቹ ለዚህ ያበጁት መድኀኒት በቋንቋቸው «ንቀት» ይባላል። ፕሮግራሙ ተጋጣሚውን ከራሱ በታች አድርጎ እንዲቆጥር የሚታዘዝበት አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ፕሮግራሙ መለዋወጥንና አቻ መውጣትን ይጠላል፣ ውስብስብ አቋምን ይመርጣል። ስያሜው ቀልድ ቢመስልም ትክክለኛ ነው። የሰንጠረዡ መኳንንት ባዶውን የቀረ ንጉሥ አይታሰርም ሲሉ ተጋጣሚን ማክበር ደንብ አደረጉት፤ የኮምፒዩተሩ ሊቃውንት ደግሞ ከድክመት ለመነሣት ንቀትን ደንብ ማድረግ ግድ ሆነባቸው።

ንቀት በቁጥር የሚገባው ግን እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። በ2018 የተጀመረውና ሊላ የሚባለው ፕሮግራም ከራሱ ጋር በሚያደርገው የብዙ ሚሊዮን ጨዋታ ልምድ የሚማር ነው፤ ሰው የጠጠር ዋጋ አልነገረውም። ከጊዜ በኋላ አንዳንድ የሊላ ሥሪቶች ገና ከመነሻው ፈረስ፣ ግንብ፣ እንዲያውም ንግሥት በጎደለበት አቋም እንዲሠለጥኑ ተደረገ። እነዚህ ለተሸናፊነት የተሠለጠኑ ሥሪቶች አጨዋወታቸው ከቀድሞዎቹ ፈጽሞ ይለያል፤ ጠጠር አይለዋወጡም፤ ገበታውን በጉልበት ሳይሆን በመጨናነቅ ይይዙታል፤ ለተጋጣሚያቸው ቀላል እርምጃ አይተዉለትም። በደቂቃዎች በሚያልቅ ፈጣን ጨዋታ ፈረስ ጎድሎባቸው እንኳ ግራንድ ማስተሮችን ያሸንፋሉ። ጊዜ በረዘመ ቁጥር ሰው የማሰብ ፋታ ያገኛል፤ የትርፉ ፈረስም ዋጋ ከፍ ይላል። ስለዚህ ዛሬ ማጓደል የሚለካው በጠጠር ብቻ አይደለም፤ ስንት ደቂቃ ተሰጠ ተብሎ በሰዓትም ጭምር ነው።

የእኛው ሰንጠረዥ ሰዓት አልነበረውም። በወረራው ጊዜ የእጁ ፍጥነት የፈቀደለት ሁሉ ቀድሞ ያሰልፋል፤ የዘገየውን የሚጠብቀው የለም። ተራ በተራ ማሰብ የሚጀመረው ከመጀመሪያው የተበላ ጠጠር በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ተመልካቹ ከሁለቱም ወገን እየጮኸ ይመክር ነበር።