ከትሬንታ እስከ ኦራል፦ የጦር ከባድ መኪኖች ሁለተኛ ሕይወትና የጋራዥ ቋንቋ በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ የመጓጓዣ ታሪክ እስካሁን በአብዛኛው የተጻፈው በመንገድ፣ በባቡርና በወደብ ዙሪያ ነው። መንገዱ መቼ እንደተጠረገ፣ ማን እንደጠረገው፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ በሰነድ ይገኛል። በመንገዱ ላይ የሄደው ከባድ መኪና ሲሰበር ማን እንዳስነሣውና በምን እንዳስነሣው ግን የጠየቀ ጥቂት ነው። ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው ለጦርነት መጥቶ ከጦርነቱ በኋላ ለቀረው መኪና ነው። እንዲህ ያለውን መኪና የሠራው አገር ጠላት ሆኗል፣ ወይም ርቋል፣ ወይም ፈርሷል፤ መለዋወጫም አብሮ ተቋርጧል። ይህ አጭር ጽሑፍ ሁለት ትውልድ የጦር መኪኖችን፣ ማለትም የጣሊያኑን ትሬንታ ኳትሮና የሶቪየቱን ኦራል በማነጻጸር፣ የጥገና ሙያ ከመኪናው ይልቅ ረጅም ዕድሜ እንዳለው፣ ለዚህም አንዱ ምስክር የሙያው ቋንቋ እንደሆነ ለማሳየት ይሞክራል።

የፋሺስት ጣሊያን ጦር በመስከረም 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲወር የስንቁና የጥይቱ ማመላለሻ በእጅጉ በመኪና ላይ የተመሠረተ ነበር። ከእነዚህ መኪኖች መካከል በአገራችን ስሙ የቀረው ፊያት 634 ነው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1931 መመረት የጀመረ፣ በናፍጣ የሚሠራ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደርና ከ8 ሊትር በላይ ይዘት ያለው ሞተር የተገጠመለት ነበር። ጣሊያኖች ራሳቸው «ዝሆን» ብለውታል። ከቁጥሩ የመጨረሻ ሁለት አኃዞች «ትሬንታ ኳትሮ» የሚለው ስም ወጣ፤ ሕዝቡም አሳጥሮ «ትሬንታ» አለው። ስሙ ውሎ አድሮ የአንድ ሞዴል መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ የከባድ መኪና ሁሉ መጠሪያ እስከመሆን ደረሰ።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ መኪኖቹ የማን ይሆናሉ የሚለው ጥያቄ የዲፕሎማሲ ጉዳይ ሆነ። የእንግሊዝ የጦር ሹማምንት የጣሊያንን ንብረት እንደ ጦር ምርኮ ቈጥረው ብዙ መኪና፣ የፋብሪካ መሣሪያና የወርክሾፕ ዕቃ ከአገር እንዳስወጡ፣ የኢትዮጵያም መንግሥት ይህን አጥብቆ እንደተቃወመ ሪቻርድ ፓንክረስት በጥናታቸው አሳይተዋል። የነገሩ ክብደት በመኪናው ቍጥር ብቻ የሚለካ አልነበረም። ቶርኖው፣ ማለትም ብረት መቅረጫው መኪና፣ ከሄደ የቀረውን መኪና ማደስ አይቻልም። ስለዚህ ክርክሩ የሚመስለው ስለ ብረት ቢሆንም በእርግጥ ስለ ጥገና አቅም ነበር።

ያም ሆኖ የቀሩት መኪኖች ለዓመታት እህል፣ ቡናና ጨው አመላልሰዋል። ለዚህ ሦስት ምክንያቶችን መጥቀስ ይቻላል። አንደኛ፣ ሞተሩ በናፍጣ የሚሠራና አሠራሩ ቀላል በመሆኑ በአግባቡ የታጠቀ ባለሙያ ሊፈታውና ሊገጥመው ይችላል። ሁለተኛ፣ ባሌስትራው ሲሰበር በአንጥረኛ፣ ኩሽኔታው ማረፊያ ሲበላ በቶርኖ ሊታደስ ይችላል፤ የማይታደሰውም ከቆመ መኪና ይፈታል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ሙያው በአገር ውስጥ መቅረቱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሙያ ያላቸው ጣሊያኖች በአገሩ እንዲኖሩ ስለፈቀዱ አንዳንዶቹ በአዲስ አበባ ጋራዥ ከፈቱ፤ በአስመራ ደግሞ ቍጥራቸው እጅግ የበዛ ነበር። ኢትዮጵያዊው ተለማማጅ ከእነርሱ ዘንድ መፍቻ በማቀበል ጀምሮ ሞተር እስከማውረድ ደረሰ።

የተለማማጁ መማሪያ መጽሐፍ አልነበረውም፤ የተማረው በእጅና በቃል ነበር። ስለዚህ ዕቃውን ከነስሙ ተቀበለ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቸርኬ፣ ከመነዳሪ፣ ቡሎን፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ቃላቱ በአማርኛ አፍ ተለዝበዋል፤ የአማርኛን ብዙ ቍጥርና አገናዛቢ ተቀብለዋል። ካቻቢቴ ከካቻቪቴ፣ ከመነዳሪም ከካሜራ ዳርያ መምጣታቸውን ዛሬ የሚያስተውል ተናጋሪ ጥቂት ነው። ወራሪው በአምስት ዓመት ውስጥ ወጣ፤ የጋራዡ ቋንቋ ግን ባለቤት ለውጦ ቀረ።

ሁለተኛው ትውልድ የመጣው በ1970 ዓ.ም. ነው። ከ1945 ዓ.ም. ስምምነት ጀምሮ የጦር ሠራዊቱ አስታጣቂ የነበረችው አሜሪካ በ1969 ዓ.ም. ከደርግ ጋር ስትለያይ፣ ሶቪየት ኅብረት በአየርና በባሕር ከፍተኛ የጦር መሣሪያ አስገባች። ከታንኩና ከመድፉ ጋር ዚል 131፣ ክራዝና ሕዝቡ «ኦራል» ያለው ኡራል መጡ። ኡራል 375 ስድስቱም ጎማዎቹ የሚያሽከረክሩ፣ 7 ሊትር ይዘትና 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ስምንት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር የያዘ ነበር። ጭቃና አሸዋ አይበግረውም። ሾፌሩ ከጋቢናው ሳይወርድ የጎማውን ንፋስ መቀነስና መጨመር ይችላል።

በጦር ሜዳ በጎ የሆነው ይህ ሁሉ በጭነት ሥራ ሸክም ይሆናል። ኡራሉ የሚጭነው 5 ቶን ገደማ ሆኖ በ100 ኪሎ ሜትር ከ50 ሊትር በላይ ቤንዚን ይጠጣል። የካርቡራተር ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያጣ፣ ከአሰብ በረሃ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር የሚወጣ መኪና ሲሶ ጉልበቱን በመንገድ ይተዋል። ንፋሱ በጎማው እምብርት በኩል የሚያልፍበት ጎማ ነክ መዝጊያ ሲያረጅ ያፈስሳል፤ ጎማውም ቆሞ ሳለ ይተኛል። የፍሬኑ ሥርዓት ንፋስንና ዘይትን ያጣመረ በመሆኑ የሁለቱንም ጉድለት ይወርሳል። በልዩ ልዩ አገሮች ኡራልን ለሲቪል ሥራ ያዋሉ ባለሙያዎች የቤንዚን ሞተሩን በናፍጣ ሞተር መተካታቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ፋብሪካውም ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የናፍጣ ሞተር ያለውን ኡራል 4320 ማምረቱ የዚሁ ሐሳብ ማረጋገጫ ነው።

ለቋንቋ ተመራማሪ ግን የሚያስገርመው ሌላ ነው። ብዙ መኮንኖችና ባለሙያዎች በሶቪየት ኅብረት ተምረው ቢመለሱም፣ ሩሲያኛ ለጋራዡ አማርኛ የሰጠው ከመኪኖቹ ስም እምብዛም አያልፍም። የኦራሉ ፍሪሲዮን ፍሪሲዮን፣ የዚሉም ባሌስትራ ባሌስትራ ተባለ። አዲሱ ብረት በአሮጌው ቃል ተፈታ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ቃል የሚሄደው ከዕቃው ጋር ሳይሆን ከአስተማሪው ጋር ነው፤ የተለማማጁም አስተማሪ የጣሊያኑን መኪና ሲጠግን የኖረው አገሬ ባለሙያ ነበር።

ይህ ነገር በጦርነቱ ሁለት ወገኖች መካከልም ይታያል። የኤርትራ ሕዝባዊ ግንባር በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍዓበትን ሲይዝ ብዙ ተሽከርካሪ ማረከ። ግንባሩ በሳሕል ሸለቆዎች ከአውሮፕላን ድብደባ በተሰወሩ ወርክሾፖች የተማረከውን እያደሰ መልሶ ያሰልፍ ነበር። ትግርኛም እነዚያኑ የጣሊያንኛ ቃላት ስለወረሰ፣ በምሽጉ ወዲህና ወዲያ የነበሩ መካኒኮች አንዱን ዓይነት መኪና በአንድ ዓይነት ቃል ይጠግኑ ነበር። ቤተሰብን የለየ ጦርነት የሙያውን ቋንቋ አልለየውም።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከ400 ሺሕ በላይ የቀድሞው ሠራዊት አባላት ተበተኑ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በታኅሣሥ 1984 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረትም ፈረሰች። መኪናው መለዋወጫ፣ መካኒኩም ደመወዝ በአንድ ጊዜ አጡ። ስለ ተበተነው ሠራዊት የተጻፉት ጥናቶች በአመዛኙ የሚያዩት መሬትን፣ ድጎማንና ሥራ ፈትነትን ነው። በሠራዊቱ ውስጥ ሞተር ማውረድ የተማረው ሰው እንደ አንድ የሙያ ወራሽ ሳይሆን እንደ አንድ ተረጂ ተቈጠረ። ይህ የአቈጣጠር ጉድለት ታሪካችን ስለ ቴክኒክ ሙያ ያለውን ግምት ያሳያል።

ስለዚህ ሁለት ሥራዎች ሊጀመሩ ይገባል። የመጀመሪያው፣ የጋራዡን አማርኛ ከነትርጓሜው፣ ከነአነባበቡና ከከተማ ከተማ ካለው ልዩነት ጋር መዝግቦ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው፣ ዕድሜያቸው የገፋ መካኒኮች የሠሩትን በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ ማድረግ ነው። ሥራው ጊዜ አይሰጥም። የቆመ ኦራል ሜዳ ላይ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ ያስነሣው የነበረው ሰው ግን እንደ ብረቱ አይቆይም።