የአንኮበር ነገሥታት፦ የሸዋ ሥርወ መንግሥት አነሣሥና ፍጻሜ

የሸዋን ሥርወ መንግሥት የመሠረተው በ17ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በመንዝ የተነሣው ነጋሲ ክርስቶስ ወረደ ቃል ነው። ቤተሰቡ የዘር ሐረጉን ከአፄ ልብነ ድንግል ልጅ ከያዕቆብ ይመዝዝ ነበር። ተተኪዎቹ ሰብስቴና አብዬ ይዞታውን ከመንዝ ደጋ ወደ ደቡብ ገፉት። አምኃ ኢየሱስ ደግሞ ወደ አዋሽ ቆላ ቁልቁል የምታየውን አንኮበርን ያዘ። ከአንኮበር ሥር ያለው የአልዩ አምባ ገበያ ከሐረርና ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ማረፊያ ስለነበር፣ የቀረጡ ገቢ የገዥዎቹን እጅ አጠነከረ።

በዚያው ዘመን የጎንደር ነገሥታት በየጁ መሳፍንት እጅ ነበሩ። ይህ የፍራንኮችን የሜሮቪንግ ነገሥታት ፍጻሜ ያስታውሳል፤ እነርሱም ዘውዱን ብቻ ይዘው ሥልጣኑን ለቤተ መንግሥት አዛዦች ለቀው ነበር፤ በመጨረሻም በ751 እ.ኤ.አ. ፔፒን ዘውዱንም ወሰደው። ሸዋ ግን ከጎንደር ሽኩቻ በአብዛኛው ርቆ ቆየ። ለዕድገቱም ከጦር መሣሪያ ይልቅ ይህ ርቀትና ከአባት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ የተላለፈው ሥልጣን የበለጠ ሳይጠቅሙት አልቀሩም። የመተላለፉ ዋጋ ግን ከባድ ነበር፤ የገዥው ወንድሞች በጎንቾ አምባ ይታሰሩ ነበር።

ከአምኃ ኢየሱስ በኋላ አስፋ ወሰንና ልጁ ራስ ወሰን ሰገድ ግዛቱን አጸኑ። ወሰን ሰገድ በ1805 ዓ.ም. ሲገደል ታላቁ ልጅ በኩሬ ዘገየና ታናሹ ሣህለ ሥላሴ ቀድሞት ሥልጣኑን ጨበጠ። የሸዋ ገዥዎች መርድ አዝማች የሚለው ማዕርግ አልበቃው ብሎ ንጉሥ ተባለ። አንጎለላን ሁለተኛ መናገሻው አደረገ፤ የኦሮሞ ጎረቤቶቹንም በዘመቻም በጋብቻም ወደ ግዛቱ ሳበ። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ያገኘውን ጠመንጃ ለመኳንንቱ አላከፋፈለም፤ በራሱ ግምጃ ቤት አኖረው። ይህ ጥንቃቄ ዓመፅን አስቀርቷል፤ መንግሥቱን ግን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አሳረፈው።

ድክመቱም በልጁ በኃይለ መለኮት ዘመን ተገለጠ። አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲወርር ኃይለ መለኮት ታሞ በ1848 ዓ.ም. ሞተ። መኳንንቱ ሕፃኑን ምኒልክን ይዘው በበረከት ተዋግተው ተሸነፉ፤ ምኒልክም ተማርኮ ኋላ መቅደላ ገባ። አንድ መቶ ተኩል ዓመት የፈጀ ግንባታ በአንድ ዘመቻ ፈረሰ።

ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጦ ሸዋን መልሶ ያዘ። በ1870 ዓ.ም. በልቼ ለአፄ ዮሐንስ ገብሮ ንጉሥነቱ ታወቀለት፤ በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቅ የንጉሠ ነገሥቱን ዘውድ ወረሰ። መንግሥቱ በእንጦጦ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ ግን አንኮበር ተራቆተች፤ እንደ መናገሻ የወደቀችውም በጠላት እጅ ሳይሆን የራሷ ቤት ስለ ሠመረለት ነው። በጥቅምት 1909 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት የምኒልክን ወራሽ ልጅ ኢያሱን ካወረዱ በኋላ አባቱን ንጉሥ ሚካኤልን ሰገሌ ላይ አሸንፈው ዙፋኑን አስጠበቁ። የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት አፄ ኃይለ ሥላሴ የትውልድ ሐረጉ ከሣህለ ሥላሴ ልጅ ከተናኘ ወርቅ ይመዘዛል። እርሱም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋኑ ወረደ።