«ሊቶፕስ» እና የዘሩ ግስ

እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልያም በርቼል እ.ኤ.አ. በ1811 በደቡብ አፍሪቃ ጠጠር መስሎት ያነሣው ነገር ተክል ሆኖ ተገኘ። ኒኮላስ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1922 ወገኑን «ድንጋይ» እና «ገጽ» ከሚሉ የግሪክኛ ቃላት «ሊቶፕስ» አለው። የእንግሊዝኛው ተራ ስም ቃል በቃል ሲመለስ «ሕያው ድንጋይ» ይሆናል፤ ሐረጉ ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉማችን ሌላ ፍች ስላለው «ድንጋይ መሰል» የሚለውን እንመርጣለን። የአዘራር መመሪያ ሲተረጐም ደግሞ ግሱ ይበልጥ ያሳስበናል። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ስለሆነ በእርጥብ አሸዋማ አፈር ላይ ይነሰነሳል እንጂ እንደ ስንዴ ማሳ አፈር አይገለበጥበትም፤ በጥልቅ ከተቀበረ ቡቃያው መውጣት ያቅተዋል። ስለዚህ «መቅበር» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ዘሩን ያስጠፋል፤ «መነስነስ» ያለው ግን ያበቅላል።