«ታዲያ ለእኔ ያበድረኛል?» የባንክ ማስታወቂያና የካዛንቺስ ተመልካች

ካዛንቺስ ከመፍረሷ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ በነበረች አንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ቡና እየጠጣን የሁለት ሰዓቱን ዜና እንጠብቅ ነበር። ከዜናው በፊት አንድ ባንክ በቅርቡ ያሠራው ማስታወቂያ መጣ። ባንኩን በስም አልጠራውም። ስሙን ብናነሣለትና የሌላውን ብንተካበት ማስታወቂያው ለየትኛውም የአገራችን ባንክ የሚሆን ስለነበር መጥራቱም ፋይዳ የለውም። ጤፍ የሚያጭድ ገበሬ፣ መወርወሪያውን የሚልክ ሸማኔ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ሐኪም፣ ሳንቲም የሚያጠራቅም ሕፃን ይታያሉ፤ ከዚያ ካሜራው ሽቅብ ይወጣና ባለ መስታወቱን ሕንፃ ያሳያል። ዜማው ደስ ይላል፤ እውነቱን መናገር ያሻል።

አንድ ወጣት «ቀረጻው የውጭ አገር ይመስላል» ብሎ አደነቀ። ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ «ይኼ ሁሉ ወጪ ከማን ኪስ ነው?» አሉ። ቡናውን የሚያፈሉት እትዬ ደግሞ ስኒ እያቀረቡ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ «ታዲያ ለእኔ ያበድረኛል?» ሲሉ ጠየቁ። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም።

እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ። ተማርን የምንል ሰዎች ስለ ባንክና ስለ ሕዝብ ስናወራ «የቁጠባ ባህላችን ደካማ ነው፤ ሕዝቡ ስለ ባንክ ግንዛቤ ይጎድለዋል» ማለት ይቀናናል። ማስታወቂያዎቹም የሚሠሩት በዚሁ እምነት ነው። የእትዬን ጥያቄ ይዤ ወደ ታሪኩ ስመለስ ግን ያገኘሁት ሌላ ነው። ባንክ ወደዚህ አገር ከገባ ጀምሮ ሕዝቡን «ገንዘብህን አምጣ» ለማለት አንደበቱ ተይዞ አያውቅም። «እንካ» ማለት ላይ ግን ድምፁ ይሰልላል። የካዛንቺሷ እናት የጠየቁት ይህንኑ ነው።

(ዓመቶቹን በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ዳግማዊ ምኒልክ በ1897 ዓ.ም. ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር ባደረጉት ስምምነት የአቢሲንያ ባንክ ተቋቋመ፤ በ1898 ዓ.ም. የካቲት ላይም ሥራ ጀመረ። ለ50 ዓመት የሚዘልቅ ብቸኛ መብት ተሰጠው። የመንግሥትን ገንዘብ የማስቀመጥም፣ የወረቀት ገንዘብ የማተምም ፈቃድ የእሱ ነበር። ይህን ያህል ሥልጣን የነበረው ባንክ ግን አንድ ነገር አልሆነለትም። የወረቀት ገንዘቡን በ1907 ዓ.ም. ሲያወጣ የአዲስ አበባ የውጭ ነጋዴና ቆንስላ ቢገለገልበትም፣ ባላገሩ ማርያ ትሬዛውን ሙጥኝ አለ። ጠገራ ብር በእጅ ይመዘናል፣ ሲመቱት ይጮሃል፣ ሲያስፈልግ ቀልጦ ለሙሽራ ጌጥ ይሆናል። ወረቀት ከእነዚህ አንዱንም አይሆንም። ይህን አለመግባባት ኋላቀርነት ብሎ የሚያልፈው ይኖራል። እኔ ግን ባላገሩ የማያውቀውን የካይሮ ባለ አክሲዮን አላመነም ብዬ ነው የምረዳው፤ አለማመኑም አያስወቅሰውም። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ያንን ባንክ በካሣ ዘግተው የኢትዮጵያ ባንክን ሲያቋቁሙ መንግሥትም ቢሆን ነገሩ ገብቶት ነበር ማለት ነው።

አዲሱ ባንክ አምስት ዓመት ሳይሞላው ፋሺስት ኢጣልያ ገባች። የሰፈራችን ስም የመጣው ከዚሁ ዘመን ነው። ኢጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራ ተቋም ነበራቸው፤ ስሙ ሲያጥር «ኢንቺስ» ይባላል። «ካዜ ኢንቺስ» ማለትም የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። በአዲስ አበቤ አንደበት ዞሮ «ካዛንቺስ» ሆነ። እንግዲህ የዚህች ሰፈር ስም ራሱ፣ ለባለሥልጣንና ለሹመኛ ብድርና ቤት የሚመቻችበት፣ ነዋሪው ግን ዳር የሚቆምበት ሥርዓት ማስታወሻ ነው።

ከነፃነት በኋላ መንግሥት ሕዝቡን ለማሳመን የወሰደው እርምጃ፣ በእኔ ግምት፣ እስከ ዛሬ ከተሠሩት የባንክ ማስታወቂያዎች ሁሉ ይበልጣል። በ1935 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱን ገንዘብ ሲያወጣ፣ ወረቀቱን ብቻ ይዞ አልቀረበም። ሃምሳ ሳንቲሙን ከአሜሪካ በተገኘ ብር አስቀረጸው። ወረቀቱን የሚጠራጠር ሰው ብሩን በእጁ ይይዛል፣ ይመዝናል፣ ያምናል። ገንዘቡ በእንግሊዝኛ «ዶላር» ቢባልም በአማርኛ የተጻፈበት «ብር» ተብሎ ነው። ማሳመኛው በገበሬው መዳፍ ላይ የሚያርፍ ማዕድን እንጂ ዘፈን አልነበረም።

የቴሌቪዥን ሥርጭት በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሲጀመር የመንግሥት ባንኩ ለሁለት ከተከፈለ ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ለየብቻ ቆመዋል። የግሉ አዲስ አበባ ባንክም የዚያው ዘመን ልጅ ነው። ባንኮቹ በቴሌቪዥን የመፎካከር ዕድሉን ሳያገኙ ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ ሁሉንም ወረሳቸው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ስለ ባንክ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የመጀመሪያውን ሲያነሡ ሁለተኛውን እምብዛም አያነሡትም። ለካዛንቺስ ግን የከበደው ሁለተኛው ነው። የካዛንቺስና የቂርቆስ ደሳሳ ቤቶች በአብዛኛው የቀበሌ ቤት ሆኑ፤ ነዋሪው በጥቂት ብር ኪራይ አርባና ሃምሳ ዓመት ኖረባቸው። ከሜዳ እንዳይወድቅ አዳነው፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ሆኖም የቀበሌ ቤት አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ ለብድርም በመያዣነት አይቀርብም።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ዘመን ለእኛ ትውልድ ቅርብ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 84 ለኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች የግል ባንክ ፈቀደ፤ በ1987 ዓ.ም. አዋሽ ቀዳሚ ሆነ፤ ዳሸን፣ አቢሲንያ፣ ወጋገን፣ ንብ ተከታተሉ። ስሞቹን ልብ ይሏል! ወንዝ፣ ተራራ፣ ጥንታዊ ስም፣ የንጋት ብርሃን፣ ማር የምትሠራ ነፍሳት። ቆየት ብሎም ብርሃን፣ ቡና፣ አባይ መጡ። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው የመሠረቱት እናት ባንክም ሴቶች በመያዣ ማጣት ብድር እንደማያገኙ ከመነሻው ተናግሮ ገባ። ስም ራሱ ማስታወቂያ ነው፤ ከስሞቹ መካከል ችግሩን በግልጽ የጠራው ምናልባት ይኸኛው ብቻ ይሆን?

ዘመን ባንክ ደግሞ በ2001 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተከለው አንድ ቅርንጫፍ ነበር፤ እሱም እዚሁ ካዛንቺስ፣ በጆሴፍ ቲቶ መንገድ ላይ። በአንድ ቅርንጫፍ፣ በገንዘብ መክፈያ ማሽንና በኢንተርኔት መሥራት ለአገሩ አዲስ ሐሳብ ስለነበር በከተማው ብዙ ተወራለት። ከመቶ ሜትሮች ባልራቀ መንደር ውስጥ ያለው ሰው ግን በዚያ በር ሲያልፍ የሚያወራው ስለ ዘበኛው ዩኒፎርም እንደነበር አስታውሳለሁ። ባንኩ በኋላ ቅርንጫፎቹን አበዛ። እኔን የገረመኝ የቅርንጫፉ ነገር አይደለም፤ ያንን ያህል የተወራለት የባንክ አገልግሎት ለጎረቤቱ እንደ ሌላ አገር ወሬ መሆኑ ነው።

ሚዛን ለመጠበቅ ያህል፣ ባንኮቹም እጃቸው ታስሮ ነበር። ከሚያዝያ 2003 ዓ.ም. እስከ ኅዳር 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚያበድሩት ገንዘብ 27 በመቶ በሚሆን መጠን በአነስተኛ ወለድ የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። ይህ ደግሞ ለትንሹ ተበዳሪ የሚተርፈውን ከማጥበብ ሌላ አልፈየደም። በሌላ በኩል ተቀማጭ ገንዘብ ለመሰብሰብ የሚደረገው ሩጫ በረታ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ሲታገድ፣ በበዓል ዝግጅቶች ላይ የባንኮች ስም ጎልቶ መሰማት ጀመረ። በዓመት በዓል ዶሮው ሳይወጣ ስለ ቁጠባ የሚዘፈንበት አገር ሆንን!

አሁን ወደ እትዬ ሒሳብ እንግባ። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 10,000 ብር ያስቀመጡ እናት በዓመቱ 10,700 ብር ያገኛሉ፤ አምና በ10,000 ብር ይገዙት የነበረው ዕቃ ግን ከ13,000 ብር በላይ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ይህን የሚነግር ማስታወቂያ አላየሁም። በዚያች የቡና ቤት ውስጥ ግን ሳያውቀው የቀረ ሰው አልነበረም፤ በርበሬና ዘይት ሲገዛ ተምሮታል። ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድም ቢሆን ብሔራዊ ባንክ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው የፋይናንስ መረጋጋት ሪፖርት ነግሮናል። ከጠቅላላው የባንኮች ብድር ወደ ሩብ የሚጠጋው በአሥር ታላላቅ ተበዳሪዎች እጅ ነው። አሥር! የማስታወቂያው ገበሬ፣ ሸማኔና ሕፃን ከአሥሩ ውስጥ እንደሌሉ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ስለዚህ ሕዝቡ በማስታወቂያ ሲያላግጥ መቅለሉ አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የንግድ ባንክ ሥርዓት ተዛብቶ ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ያወጡ ጊዜ፣ ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መወሰዱን ገለጸ፤ ያልመለሱትንም በስምና በፎቶግራፍ ይፋ አደረገ። «ሁልጊዜም የሚተማመኑበት ባንክ» የሚለው የቆየ መፈክር በዚያ ሰሞን የየመሥሪያ ቤቱ ቀልድ ሆኖ ነበር። የሰው ገንዘብ መውሰድ ነውር ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ያን ሰሞን የታዘብኩት ግን አንድ ነገር ነው፦ ብዙ ሰው በባንኩ ኪሣራ ከማዘን ይልቅ ደስ ብሎት ነበር። ይህ ደስታ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የባንክ ኃላፊ ይኖር ይሆን?

እትዬን አንድ ቀን ወደ ባንክ ሸኝቻቸዋለሁ። የቱ ባንክ እንደሆነ ይቅር። የሚፈልጉት ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ማቀዝቀዣ ገዝተው ለስላሳ መሸጥ ፈልገው ነበር። የብድር ሠራተኛው ትሑት ልጅ ነበር፤ «እናቴ» እያለ አነጋገራቸው። «የቤት ካርታ አለዎት?» አላቸው። «የቀበሌ ነው» አሉት። «መኪናስ?» አላቸው። በዚህን ጊዜ ሳቁ፤ ከዓመታት በፊት ያልሳቁትን ሳቅ ያን ቀን ሳቁት። ልጁም አፈረ። ሲወጡ በግድግዳው ላይ ያንኑ ሸማኔ በትልቁ ተለጥፎ አገኘነው።

ማቀዝቀዣውን የገዙት በዕቁብ ነው። በዚያው መንደር የሰበሰቡት የሳምንት ዕቁብ ነበረ፤ ሊስትሮውም፣ ጉሊት ቸርቻሪዋም፣ ልብስ ሰፊውም አሉበት። ዕጣው ለማን መውጣት እንዳለበት ሲቸግር፣ ልጇ የታመመባት ትቅደም ተብሎ ይታለፋል። ካርታ አይጠየቅም፤ ዋስ የሚሆነው ጎረቤት ነው። ሰውዬው ነገም እዚያው በር ላይ እንደሚገኝ ሁሉም ያውቃል። ዕቁብ ማስታወቂያ ሠርቶ አያውቅም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ተነሣች። ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ሄዱ፣ ሌሎቹ ወዲያና ወዲህ ተበተኑ። አዲሶቹ ቤቶች ከቀድሞዎቹ የተሻሉ ናቸው የሚል አለ፤ ውኃና መጸዳጃ ያለው ቤት ከሌለው እንደሚሻል እኔም አልክድም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ አጸደቀ። ከግብፁ ባንክ ወዲህ ዙሩ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጡት ማስታወቂያዎች የበለጠ ያማሩ እንደሚሆኑ አልጠራጠርም።

እትዬን ገላን ጉራ ሄጄ ጠይቄአቸዋለሁ። ማቀዝቀዣው በደኅና ደርሷል፤ ቴሌቪዥኑም እንዲሁ። ዕቁቡን ጠየቅኳቸው። ልብስ ሰፊው ሌላ ቦታ ደርሶታል፣ ጉሊቷ ሴት ወደ ልጇ ዘንድ ሄዳለች፣ የሊስትሮውን አድራሻ የሚያውቅ የለም። ስምንት ሰው ዕጣ ሳይደርሰው ተበትኗል፤ ከስምንቱ አንዷ እሳቸው ናቸው። «የማንን በር አንኳኩቼ ልጠይቅ?» አሉኝ። ከዚያ ዜና ሊጀምር ነው ብለው ድምፁን ከፍ አደረጉት።