ልብሱ፣ ለባሿና ፎቶግራፍ አንሺው

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጠና ተራ እስከ ዓየር ጤና ባሉት ሰፈሮች ያደገ ሰው የፎቶ ቤትን ሥርዓት ያውቀዋል። ለበዓል የተገዛውን ልብስ ለብሶ፣ ሥዕል ከተሣለበት መጋረጃ ፊት ቆሞ፣ ኮትና ከረባት ከሌለውም ከፎቶ ቤቱ ተውሶ ይነሣ ነበር። ዋጋውን የሚከፍለው ተነሺው ሲሆን፣ ፎቶግራፉም የእርሱ ሆኖ ከቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በዚህ ሥራ ልብስ ሰውን ያገለግላል። የፋሽን ፎቶግራፍን ምንነት ለመረዳት ይህንኑ ሥርዓት ገልብጦ ማየት ይበቃል፤ በዚያ ሰው ልብስን ያገለግላል፤ ከፋዩም የልብሱ ባለቤት ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት በአገራችን ረዥም ታሪክ አለው። ከዘመነ ምኒልክ ጀምሮ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው፣ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። መኳንንቱ ካባቸውን ደርበው ሲነሡ ልብሱ የማዕረጋቸው ምስክር እንጂ ለገበያ የቀረበ ዕቃ አልነበረም። ሁለተኛው ዓይነት ግን የአውሮፓ ገበያ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ኤድዋርድ ስታይክን የልብስ ንድፍ አውጪውን የፖል ፗሬን ሥራዎች ለአንድ የፈረንሳይ መጽሔት አነሣ፤ የዘመናዊው ፋሽን ፎቶግራፍ አጀማመርም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይቆጠራል።

ከዘጠና ዓመታት በኋላ አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ በዚሁ መድረክ ላይ ታየች። እ.ኤ.አ. በ1978 የተወለዱት ሊያ ከበደ፣ በ2002 የፈረንሳዩ ቮግ መጽሔት አንድ ሙሉ እትም ሰጣቸው፤ በ2003 ደግሞ ኤስቴ ሎደር የተባለው የመዋቢያ ኩባንያ ምርቱን እንዲወክሉ የመረጣቸው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ። በ2007 በኢትዮጵያ ሸማኔዎች እጅ የተሠራ ልብስ የሚሸጠውን ለምለም የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ለሌሎች ልብስ ምስላቸውን ያከራዩ የነበሩት ሞዴል በዚህ ጊዜ ራሳቸው የልብሱ ባለቤት ሆኑ ማለት ነው።

ለፎቶግራፍ አንሺው ጉዳዩ በመጀመሪያ የብርሃን ሒሳብ ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል፤ የተለመደው መመዘኛም ከወደቀበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ግራጫ ካርድ ነው። ነጭ ሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ጠይም ሴት ስትቆም መለኪያው በሸማው ንጣት ይታለላል፤ ብርሃኑን ይቀንስና ፊቷ ይጨልማል። ለፊቷ ሲባል ብርሃን ቢጨመር ደግሞ የሽመናው ዝርዝር ነጥቶ ይጠፋል። ነጋዴው ጥበቡ እንዲታይለት፣ ሞዴሏ ፊቷ እንዲታይላት ይሻሉ። ባለሙያ የሚባለው ከጎን ነጭ ሰሌዳ አቁሞ፣ ብርሃኑን ወደ ፊቷ መልሶ ሁለቱንም የሚያድን ነው።

ለሞዴሏ ግን ከብርሃን የሚከብድ ጥያቄ አለ፤ ምስሉ የማን ነው? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ ፎቶግራፍን በቅጂ መብት ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ቆጥሮ ለአንሺው መብት ሰጥቷል። እንግዲህ በአንዲት ፎቶግራፍ ላይ ሁለት መብቶች አሉ። የልብሱ ባለቤት ምስሉን ለሕዝብ ለማሳየት፣ ለማባዛትም ሆነ ለመሸጥ የሞዴሏ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ዛሬ በኮልፌ አንዲት ወጣት የጎረቤት ነጋዴን ቀሚስ ለብሳ በእጅ ስልክ ብትነሣ፣ ጉዳዩ በይሉኝታና በቃል ብቻ ሊያልቅ ይችላል። በኋላ ምስሏን ከማታውቀው ሱቅ በር ላይ ብታየው ምን ተብሎ እንደ ነበረ የሚመሰክር ወረቀት አይኖራትም። እኛ መሐንዲሶች ያለ ንድፍና ያለ ውል መሠረት አናስቆፍርም፤ ለዚህም ሥራ ለምን እንደሚውል፣ ለስንት ጊዜና በስንት ብር የሚል አጭር ጽሑፍ ይበቃል። በፎቶ ቤት የተነሣው ሰው ፎቶግራፉን ይዞ ይወጣ ነበር። ሞዴሏ ምስሏን ለሌላ ትታ ስለምትወጣ፣ ቢያንስ የውሉን ቅጂ ይዛ መውጣት ይገባታል።