ሰባት ሺህ ክፍሎች በ32 ኪሎባይት፦ የሌቭል ናይን ታሪክ



በቴክኖሎጂ ታሪክ ትምህርቴ ላይ ለብዙ ዓመታት የማስታወቂያ ቅጥፈት ምሳሌ አድርጌ የማቀርበው አንድ ነገር ነበረኝ። ሌቭል ናይን የተባለ አነስተኛ የእንግሊዝ ድርጅት በ1983 «ስኖውቦል» የተሰኘ የኮምፒውተር ጨዋታ ለገበያ ሲያቀርብ ከ7,000 በላይ ክፍሎች እንዳሉት አስታወቀ። ጨዋታው 32 ኪሎባይት ማህደረ ትውስታ ብቻ ባለው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ነበር። ተማሪዎቼ ሒሳቡን ራሳቸው ያሰላሉ፤ ለእያንዳንዱ ክፍል አምስት ባይት እንኳ አይደርስም። ይስቃሉ፤ እኔም አብሬያቸው እስቅ ነበር። ዛሬ እዚህ የቆምሁት ያንን ፍርዴን፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም፣ ለማንሳት ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ።

ድርጅቱን በ1981 የመሠረቱት ፒት፣ ማይክና ኒክ ኦስቲን የተባሉ ሦስት ወንድማማቾች ናቸው። ሥራ የጀመሩት ናስኮም ለተባለ፣ ገዢው ራሱ እየበየደ ሊገጣጥመው ይችል ለነበረ ኮምፒውተር ፕሮግራም ጽፈው በፖስታ በመሸጥ ነው። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለው ንግድ ቢሮም ካፒታልም አይጠይቅም ነበር፤ በመጽሔት ላይ የሚወጣ ማስታወቂያ፣ ካሴት መቅጃና ትዕግሥት ይበቁት ነበር።

ወንድማማቾቹ አሜሪካ ውስጥ የተወለደ አንድ ጨዋታ ማረካቸው። ዋሻ አሳሽ የነበረው ፕሮግራመር ዊል ክራውዘር በኬንታኪ የሚገኘውን የማሞዝ ዋሻ መነሻ አድርጎ በ1970ዎቹ አጋማሽ የጻፈው፣ ዶን ዉድስ ደግሞ በ1977 በስታንፎርድ ያስፋፋው «አድቬንቸር» ነው። ሥዕል የለውም። ኮምፒውተሩ ያላችሁበትን ስፍራ በጽሑፍ ይገልጻል፤ እናንተ «ወደ ሰሜን ሂድ»፣ «መብራት አንሣ» የሚል አጭር ትእዛዝ ትጽፋላችሁ፤ እርሱም የሆነውን ይነግራችኋል። ይህ ሁሉ ይሠራ የነበረው የዩኒቨርሲቲና የምርምር ተቋም ንብረት በነበሩ ታላላቅ ማሽኖች ላይ ነው። ኦስቲኖች ያንን ጨዋታ ሰው መኝታ ቤቱ ውስጥ በሚያስቀምጠው ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት ተነሡ።

አስገቡትም፤ እንዲያውም መጨረሻው ላይ 70 ያህል ክፍሎች የራሳቸውን ጨመሩበት። ምስጢሩ በጽሑፍ አጨማመቅ ላይ ነው። አንድ ባይት 256 የተለያዩ ዋጋዎች ሊይዝ ይችላል። እንግሊዝኛ ከነነጥቡና ከነቁጥሩ ከመቶ ያነሰ ምልክት ስለሚበቃው ብዙ ዋጋዎች ሥራ ፈት ይሆናሉ። ወንድማማቾቹ በጽሑፉ ውስጥ ደጋግመው የሚመጡትን የቃላት ቁራጮች ለቅመው ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ባይት ሰጡ፤ አንዱ ቁራጭ ሌላውን ቁራጭ በውስጡ ሊጠራም ይችላል። (በእኛ ፊደል ቢሆን ኖሮ ችግር ነበር፤ ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ስለሚሆኑ፣ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር፣ ባይቱ ሊሞላ ምንም አይቀረውም።)

ሁለተኛው ብልሃት ለታሪክ ጸሐፊ የበለጠ ያስደንቃል። ጨዋታዎቹን በቀጥታ ለአንድ ኮምፒውተር አልጻፏቸውም። በሐሳብ ብቻ ላለ ማሽን የሚሆን «ኤ-ኮድ» የተባለ የራሳቸው ቋንቋ ፈጠሩ፤ ከዚያም ለቢቢሲ ማይክሮ፣ ለስፔክትረም፣ ለኮሞዶር 64 ትንሽ ትንሽ አስተርጓሚ ፕሮግራም አዘጋጁ። አንዱ ጨዋታ በሁሉም ላይ ሠራ። በአሜሪካ ኢንፎኮም የተባለው ድርጅት ተመሳሳይ ዘዴ ይጠቀም ነበር፤ ነገር ግን ኢንፎኮም ዲስክ ላይ ተመክቶ ጽሑፉን በየጊዜው ከዲስኩ እየጠራ ሲያነብ፣ የእንግሊዝ ተጫዋቾች አብዛኞቹ የነበራቸው ካሴት ብቻ ነው። ካሴት ላይ ወዲያ ወዲህ እያሉ ማንበብ አይቻልም፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ማህደረ ትውስታው ውስጥ መግባት ነበረበት። የኦስቲኖች ጥበብ የዚህ ድህነት ልጅ ነው።

አሁን ወደ ስኖውቦል ልመለስ። ታሪኩ ሰዎችን በበረዶ እንቅልፍ አስተኝቶ ወደ ሌላ ኮከብ የሚወስድ ግዙፍ የጠፈር መርከብ ነው፤ ተጫዋቹ አንድ ነገር ሲበላሽ ከእንቅልፉ ይነቃል። ከ7,000ዎቹ ክፍሎች 6,800 ያህሉ የእነዚያ እንቅልፋሞች አዳራሾች ናቸው፤ በቀለማቸው ካልሆነ በቀር አንዱን ከሌላው የምትለዩበት የላቸውም። ስለዚህ ድርጅቱ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አላከማቸም፤ ክፍል የሚያወጣ ሕግ ነው ያከማቸው።

ይህን በማስተማሪያዬ ላይ ቅጥፈት ስል የኖርሁት ሌላ ምሳሌ ሳላይ ቀርቼ አይደለም። በ1984 የወጣውና የዴቪድ ብሬበንና የኢያን ቤል ሥራ የሆነው «ኤሊት» በዚያው በቢቢሲ ማይክሮ ላይ ስምንት ጋላክሲዎችን፣ በእያንዳንዱም 256 ፕላኔቶችን ያወጣ ነበር፤ ዘዴው ያው በሕግ ማመንጨት ነው። ኤሊትን ሊቅነት ብዬ አስተምራለሁ፤ ስኖውቦልን ግን ማታለል። በአንድ ሚዛን ሁለት ፍርድ! ልዩነቱ እውነትን በመናገርና በመዋሸት ላይ አይደለም። ኤሊት ውስጥ በእያንዳንዱ ፕላኔት የሚሸጥና የሚገዛ አለ፤ በስኖውቦል አዳራሾች ውስጥ ግን የሚደረግ ነገር የለም ለማለት ይቻላል። ኦስቲኖች ቁጥሩን ሰጡ እንጂ የቁጥሩን ሥራ አልሰጡትም። ይህ ስሕተት ነው፤ ቅጥፈት ግን አይደለም።

የድርጅቱ ቀሪ ዘመን ቶሎ ይነገራል። በ1985 የሱ ታውንሴንድን የአድሪያን ሞል መጽሐፍ ወደ ጨዋታ ለወጡ፤ በ1986 የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎቻቸው ሬይንበርድ በተባለ አሳታሚ ስም በጥራዝ ታተሙ፤ ከቶልኪን ዓለም የተወሰዱት ስሞችም ከዚያ እትም ወጡ። በዚህ መካከል ግን ገበያው ሥዕል መጠየቅ ጀምሮ ነበር። እነርሱ እንደ ልማዳቸው ሥዕሉንም ቆጠቡበት፤ ምስሉን ሳይሆን የመሥመር አሣሣል መመሪያውን አከማቹ። ሥዕሎቹ በተጫዋቹ ፊት ቀስ እያሉ ይሣላሉ፤ አያምሩም። ማግኔቲክ ስክሮልስ የተባለው ሌላው የእንግሊዝ ድርጅት በዚያው በ1986 በአታሪ ኤስቲ ላይ «ዘ ፖውን» ጨዋታውን በሙሉ ቀለም ሲያሳይ፣ ገዢው ስለ ባይት ቁጠባ የሚጨነቅበት ምክንያት አልነበረውም። ማህደረ ትውስታ ረከሰ፤ የኦስቲኖች ጥበብም አብሮ ረከሰ። ሌቭል ናይን በ1991 ተዘጋ።

እንደ እኔ አስተያየት ግን ከዋጋው ጋር ያልሞተው ኤ-ኮድ ነው። ጨዋታዎቹ የተጻፉት በሐሳብ ላለ ማሽን ስለሆነ፣ እውነተኛዎቹ ማሽኖች ወደ ሙዚየምና ወደ ቆሻሻ መጣያ ከሄዱም በኋላ አንድ አዲስ አስተርጓሚ መጻፍ በቂ ነበር፤ ወዳጆቻቸውም ጻፉላቸው። ባለፈው ክረምት በላፕቶፔ ላይ ስኖውቦልን የተጫወትሁት በዚህ ምክንያት ነው። አዳራሾቹ ውስጥ ጠፋሁ። አንዱ ከሌላው ሳይለይ፣ ቀለም እየቆጠርሁ፣ በየግድግዳው የተኙትን ሰዎች ብዛት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰውነቴ ተረዳሁት። አንድ ሰዓት ያህል ከተንከራተትሁ በኋላ ግን ሰለቸኝ፤ ይህንንም ልደብቃችሁ አልፈልግም።

ላፕቶፑን ይዤው መጥቻለሁ፤ ጨዋታው ተከፍቷል። ከጥያቄው በኋላ መሞከር የምትፈልጉ ወደዚህ ኑ፤ የሚገባው እንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ ትእዛዛችሁንም አሳጥሩለት።