ግንደ ሕዋስና በላብራቶሪ የሚበቅል ኅብረ ሕዋስ

ግንደ ሕዋስ ወይም ስቴም ሴል የሚባለው ሁለት ችሎታ አጣምሮ የያዘ ሕዋስ ነው፤ ሲከፈል ራሱን የሚመስል ግንደ ሕዋስ ይተካል፣ በዚያው ልክ የተለየ ሥራ ያላቸውን የደም፣ የቆዳ ወይም የአንጀት ሽፋን ሕዋሳት ያስገኛል። በሰው አካል ውስጥ ቶሎ ቶሎ እያለቀ የሚተካ ነገር ሁሉ የሚታደሰው በእነዚህ ሕዋሳት ነው። የካናዳዎቹ ተመራማሪዎች ጄምስ ቲልና ኧርነስት ማኩሎክ ከ1961 ጀምሮ (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሟቸው ሥራዎች፣ በአይጥ መቅኒ ውስጥ ያለ አንድ ሕዋስ ብቻውን ልዩ ልዩ የደም ሕዋሳትን ሊያስገኝ እንደሚችል አሳይተዋል። ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች የተለመደው የመቅኒ ንቅለ ተከላ የሚሠራው በዚሁ ችሎታ ነው፤ ሕክምናውን ያቋቋመው አሜሪካዊው ዶናል ቶማስም በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። ከመቅኒ ወዲህ ያለው ጥያቄ ከደም ውጭ ያለውን አካል በላብራቶሪ አብቅሎ መተካት ይቻላል ወይ የሚል ነው። ያለፉት 50 ዓመታት ማስረጃ ወደ አንድ መልስ ያመራል፦ በላብራቶሪ የበቀለ ኅብረ ሕዋስ በታካሚው ላይ የሚዘልቀው የተፈጥሮውን አካል ስለመሰለ አይደለም፤ ራሱን የሚያድስ ግንደ ሕዋስ በበቂ ቁጥር ስለያዘና ያረፈበት ሥፍራ ስለሚመግበው ነው።

ማስረጃውን ከቆዳ መጀመር ይገባል። የሰው ቆዳ የላይኛው ንጣፍ በወር ገደማ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል፤ ነገር ግን ሕዋሳቱ ከሰውነት ወጥተው በላብራቶሪ ሳህን ላይ ሲቀመጡ ለረጅም ጊዜ መራባት አይችሉም ነበር። በ1975 ጄምስ ራይንዋልድና ሃዋርድ ግሪን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መላ አገኙለት። በጨረር ተመትተው መራባት ያቆሙ፣ ግን ገና በሕይወት ያሉ የአይጥ ሕዋሳትን ከሥር አነጠፉ፤ የሰው ቆዳ ሕዋሳትም በእነሱ ላይ እየተከፈሉ አንድ ወጥ ንጣፍ ሠሩ። በ1983 ዋዮሚንግ ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ የሰውነታቸው ቆዳ የተቃጠለ ሁለት ወንድማማች ሕፃናት ቦስተን ውስጥ በዚህ ዘዴ ታከሙ። ከተረፈው ቆዳቸው ከተወሰደ ትንሽ ቁራጭ የበቀለው ንጣፍ ገሚሱን ሰውነታቸውን ሸፈነና ከሞት ተረፉ። ሆኖም ዘዴው በየሀገሩ ሲሠራበት ውጤቱ ወጥ አልነበረም፤ አንዱ ታካሚ ላይ የያዘው ንጣፍ ሌላው ላይ ከሳምንታት በኋላ ይረግፍ ነበር። ለዚህ ፍንጭ የሰጠው ያን ባራንዶንና ግሪን በ1987 ያሳተሙት ጥናት ነው። የቆዳ ሕዋሳትን አንድ በአንድ ለይተው ሲያራቡ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የሚመሳሰሉት ሕዋሳት በችሎታ ሦስት ዓይነት ሆነው ተገኙ። አንዳንዶቹ ጥቂት ጊዜ ተከፍለው ያቆማሉ፤ ሌሎቹ መካከለኛ ናቸው፤ ሆሎክሎን የተባለውን ስብስብ የሚፈጥሩት ጥቂቶቹ ግን ከመቶ ትውልድ በላይ ይዘልቃሉ። በሳህኑ ላይ ያማረ ንጣፍ ያለ እነዚህ ጥቂቶች ሊሠራ ይችላል፤ መርገፉ የሚታወቀው ግን በታካሚው ላይ ነው።

ይህን ግምት ወደ ቁጥር የለወጡት የግሪንን ዘዴ ወደ ዓይን የወሰዱት ጣሊያናውያን ግራዚየላ ፔሌግሪኒና ሚኬሌ ዴ ሉካ ናቸው። ኮርኒያ የሚባለውን የዓይን ፊት መስታወት የሚያድሱት ግንደ ሕዋሳት የሚገኙት ጥቁሩ ከነጩ በሚገናኝበት ጠባብ ጠርዝ ላይ ነው። ኖራ፣ አሲድ ወይም ሌላ ኬሚካል ይህን ጠርዝ ካቃጠለው ከሟች የተወሰደ ኮርኒያ ቢተከልም ውሎ አድሮ ይደፈርሳል፣ የሚያድሰው የለምና። ፔሌግሪኒና ባልደረቦቿ ከጤነኛው ዓይን ጠርዝ ከ1 እስከ 2 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ቁራጭ ወስደው ካራቡት በኋላ ወደተጎዳው ዓይን ይመልሱት ጀመር። በ2010 የ112 ታካሚዎች ውጤት ሲታተም ከ100 ዓይኖች 77 ያህሉ በዘላቂነት ተፈውሰው ነበር። ከዚህ የበለጠ ክብደት ያለው ግን ሌላ ልኬት ነው። ፒ63 የተባለውን ፕሮቲን በብዛት የያዙት፣ ማለትም የግንደ ሕዋስ ጠባይ ያላቸው፣ በሳህኑ ላይ ከሚራቡት ሕዋሳት ከ3 በመቶ በላይ ሲሆኑ ሕክምናው በ78 በመቶው ታካሚ ሠመረ፤ 3 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆኑ የሠመረው በ11 በመቶው ብቻ ነው። ሁለቱም ንጣፎች ለዓይን አንድ ናቸው፤ አንዱን መድኃኒት፣ ሌላውን ከንቱ የሚያደርገው ቆጠራ ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ሕክምና ሆሎክላር በሚል ስም በ2015 ፈቀደ።

በዚያው ዓመት ቦሁም በተባለችው የጀርመን ከተማ፣ በቃጠሎ ሕክምና ክፍል፣ ከሶርያ የተሰደደ ቤተሰብ የ7 ዓመት ልጅ ተኝቶ ነበር። ሲወለድ ጀምሮ ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ የተባለ በሽታ አለበት፤ የቆዳን የላይኛ ንጣፍ ከታችኛው ጋር የሚያጣብቀው ፕሮቲን ስለጎደለ ትንሽ ሲነካካ ቆዳው ውኃ ይቋጥርና ይላጣል። በኢንፌክሽን ምክንያት 80 በመቶ ያህሉን የላይኛ ቆዳውን አጥቶ ሐኪሞቹ ከማስታገሻ በቀር የሚያደርጉለት አልነበራቸውም። በጣሊያኗ ሞዴና የሚገኘው የዴ ሉካ ቡድን ከልጁ ብሽሽት 4 ካሬ ሴንቲሜትር ቆዳ ተቀብሎ፣ ጤነኛውን ጂን በቫይረስ አማካይነት አስገብቶበት፣ አራብቶ በንጣፍ በንጣፍ መለሰው። ልጁ በ2016 መጀመሪያ ከሆስፒታል ወጣ። ለምርምሩ ትልቁ ትርፍ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቫይረሱ ጂኑን በየሕዋሱ ውስጥ የሚሰካው በተለያየ ቦታ ስለሆነ፣ የተሰካበት ቦታ የሕዋሱን ዘር መለያ ምልክት ይሆናል። ከወራት በኋላ ከተለያዩ የሰውነቱ ክፍሎች ናሙና ሲወሰድ፣ በተተከለው ንጣፍ ላይ ከነበሩት ብዙ ሺህ ምልክቶች አብዛኞቹ ጠፍተዋል፤ አዲሱን ቆዳ ሁሉ ይዘው የቀጠሉት የጥቂት ሆሎክሎኖች ዘሮች ናቸው። ከ30 ዓመት በፊት በሳህን ላይ የታየው በሰው አካል ላይ ተረጋገጠ። በ2021 የታተመው የአምስት ዓመት ክትትል ቆዳው ጸንቶ መቆየቱን፣ ከቫይረሱ የመጣ ዕጢም እንዳልታየበት ገልጿል።

ከዚህ ተቃራኒው መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ የሚያሳየው የአየር ቧንቧው ታሪክ ነው። በሰኔ 2011 የስዊድኑ ካሮሊንስካ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ፓኦሎ ማክያሪኒ፣ በአይስላንድ ይማር ለነበረ፣ ቧንቧው ላይ ዕጢ ለወጣበት ኤርትራዊ ከፕላስቲክ የተሠራ የአየር ቧንቧ ተከለ። ቧንቧው ከታካሚው መቅኒ በተወሰዱ ሕዋሳት ተነክሮ 36 ሰዓት ብቻ ስለቆየ «በግንደ ሕዋስ የተሠራ አካል» ተብሎ በዓለም ዙሪያ ተወራለት። እስካሁን ያየነውን መለኪያ ብናቀርብለት አንዱንም አያሟላም። የመቅኒ ሕዋሳት የአየር ቧንቧን የውስጥ ሽፋን የሚያድሱት ግንደ ሕዋሳት አይደሉም፤ ፕላስቲኩ የደም ሥር የለውም፣ ሊበቅልበትም አይችልም፤ ከሰው በፊትም በእንስሳት ላይ በአግባቡ አልተሞከረም። ቤልጅየማዊው ቀዶ ሐኪም ፒዬር ዴላር ይህን ደጋግሞ ቢናገርም ሰሚ አላገኘም። ተማሪው በጥር 2014 ሞተ፤ ስዊድን ውስጥ የታከሙት ሌሎች ሁለት ታካሚዎችም ሞተዋል። አራት የካሮሊንስካ ሐኪሞች በ2014 የታካሚዎቹን መዝገብ ከታተሙት ጽሑፎች ጋር አስተያይተው ልዩነቱን አጋለጡ፤ ተቋሙ ግን በመጀመሪያ ማክያሪኒን ነጻ አደረገው። የላንሴት መጽሔት ስለዚሁ ንቅለ ተከላ ያወጣውን የ2011ን ጽሑፍ የሰረዘው በ2018 ሲሆን፣ የስዊድን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2023 ማክያሪኒን የሁለት ዓመት ከስድስት ወር እስራት ፈርዶበታል። ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ማጭበርበር ተደርጎ ይነገራል፤ ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። አዘጋጆችም፣ ገምጋሚዎችም፣ አለቆችም ግንደ ሕዋስ የሚል ስም ስለሰሙ ብቻ የትኛው ሕዋስ፣ ስንት፣ ከየት ብለው ሳይጠይቁ አለፉት።

በዚህ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ቆዳና ኮርኒያ ቀላል ናቸው የሚል ነው፤ ስስ ናቸው፣ ከሥራቸው ካለው ሥጋ ይመገባሉ፣ ስለ ጉበት ወይም ስለ ኩላሊት ምንም አያረጋግጡም። ተቃውሞው እውነትነት አለው፣ ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። በ2009 ቶሺሮ ሳቶና ሃንስ ክሌቨርስ ኔዘርላንድስ ውስጥ ከአይጥ አንጀት የወሰዱት አንድ ግንደ ሕዋስ ብቻውን የአንጀት ሽፋን አምሳያ ሠርቶ አይተዋል። ኦርጋኖይድ የሚባሉት እንዲህ ያሉት አምሳያዎች ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ ካደጉ መሐላቸው በረሃብ ይሞታል፤ የሚመግብ የደም ሥር የላቸውምና። አካል ነን ስለማይሉ ግን በልካቸው ትልቅ ጥቅም ይሰጣሉ፤ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ካለበት ሰው አንጀት በተወሰደ ናሙና ከሚበቅሉት ላይ የትኛው መድኃኒት ለዚያ ሰው እንደሚሠራ መፈተሽ ተችሏል።

ሌላው ተቃውሞ የሚመጣው ከሥነ ምግባር በኩል ነው። ጄምስ ቶምሰን በ1998 ከሰው ፅንስ ግንደ ሕዋስ ማራባት ከቻለ ወዲህ፣ የጥቂት ቀን ፅንስን ለምርምር ማፍረስ አይገባም የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ አቋማቸውም ሊከበር ይገባል። ሺንያ ያማናካ በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው፣ የአዋቂን የቆዳ ሕዋስ አራት ጂን በመጨመር ወደ ፅንስ መሰል ሁኔታ ሲመልሰው ያለ ፅንስ የሚሠራ መንገድ ተከፈተ። ግን ይህ መንገድም ከቆጠራና ከምርመራ አያድንም። በ2014 ኮቤ ውስጥ የማሳዮ ታካሃሺ ቡድን ከእንዲህ ያለ ሕዋስ የተሠራ የሬቲና ንጣፍ ለአንዲት አረጋዊት ተከለ፤ ለሁለተኛው ታካሚ በተዘጋጁት ሕዋሳት ላይ የጂን ለውጥ ሲገኝ ግን ንቅለ ተከላው ቆመ። በካሮሊንስካም ሳይንስ እንዲህ መሠራት ነበረበት።

ሞት ደጃፉ ላይ ያለ ሰው ለ30 ዓመት ጥናት ጊዜ የለውም የሚለው ቃል ልብ ይነካል፣ የቦሁሙ ልጅም በእርግጥ ሞት አፋፍ ላይ ነበር። ያዳነው ግን ጥድፊያው አይደለም፤ የጣሊያኑ ቡድን ይህንኑ ሕክምና በአንድ አዋቂ እግር ላይ በትንሹ ሞክሮ፣ ውጤቱን በ2006 አሳትሞ፣ ለዓመታት ተከታትሎት ስለነበር ነው። ይህን መሠረት ሳይዙ በክፍያ የስቴም ሴል መርፌ የሚሰጡ ክሊኒኮች ዛሬ በብዙ ሀገር አሉ፤ ፍሎሪዳ ውስጥ ከሆድ ስብ የተወሰደ ሕዋስ በሁለቱም ዓይናቸው የተወጉ ሦስት ሴቶች ማየት እንደተሳናቸው በ2017 በሕክምና መጽሔት ታትሟል። እንዲህ ያለ ሕክምና የቀረበለት አንባቢ ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ፦ ሕዋሱ የሚወሰደው ከየትኛው አካል ነው? ለሚተካው አካል ግንደ ሕዋስ ነው ወይ? ብዛቱ በምን ተለካ? ቀድመው የታከሙት ከአምስት ዓመት በኋላ እንዴት ናቸው? ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ የማይሰጥ ክሊኒክ ገንዘብም ሆነ አካል ሊሰጠው አይገባም።